በእጅ፣ በስክሪፕት ወይስ በኮንትሮለር? ፕሮግራም የሚደረግ ኔትወርክ መምረጫ

ዋና ቢሮው ደሴ ፒያሳ፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ፣ ቅርንጫፉ ወልድያ የሆነ ድርጅት እንውሰድ። ሦስት ራውተር፣ ስምንት ስዊች፣ አሥራ ሁለት አክሰስ ፖይንት አለው። የኔትወርኩ ሰው ግን አንድ ነው፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የሚጠራው እሱ ነው። ይህ ሰው ደሴ ተቀምጦ የኮምቦልቻውን ስዊች ሲያዝ አንዲት ቃል ቢስት መስመሩ ይቆረጥበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው አማራጭ ላፕቶፑን ይዞ ሐረጎን ቁልቁል መውረድ ነው። ወልድያ ከሆነማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ «የትኛው ሲስተም ብዙ ይሠራል?» ብሎ መጀመር አያዋጣም፤ ሻጭም የሚያወራው እሱን ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ትዕዛዙ የሚሄድበት መስመር ራሱ ቢቆረጥ መሣሪያው ምን ያደርጋል? ሰውስ በምን ያስቆመዋል፣ በስንት ደቂቃስ ወደነበረበት ይመልሰዋል? አምስቱን መንገዶች የምናወዳድረው በዚህ ነው።

ማንኛውም ስዊች ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ፓኬቱን ከፖርት ወደ ፖርት ማሳለፍ ነው፤ ሌላው የትኛው ፓኬት በየት ይለፍ ብሎ መወሰን። በተለመደው መሣሪያ ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ኔትወርኩ «ፕሮግራም ይደረጋል» የሚባለው ውሳኔውን ሰው በየሳጥኑ እየዞረ መስጠቱ ቀርቶ በጻፈው ፕሮግራም ሲያሰጥ ነው። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ሰው እያየ፣ እየጠየቀ፣ ሲያስፈልግም እያስቆመ ይገባበታል። ፍጥነቱና የሰው ቁጥጥሩ ግን ይጓተታሉ፤ በእጅ ሲሆን አንድ ስዊች የሚያበላሽ ስህተት በፕሮግራም ሲሆን ስምንቱንም በአንድ ደቂቃ ያበላሻል።

በእጅ ማዘዝ

ከአምስት ለማይበልጡ መሣሪያዎች እስከ ዛሬም የሚሻለው ይህ ነው። ዘመናዊ አይደለም ብሎ የሚንቀው ሰው አለ፤ የመመለሻ ዘዴውን ስለማያውቅ ነው።

ማይክሮቲክ ላይ ለውጥ ከመጀመራችሁ በፊት ዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ውስጥ «ሴፍ ሞድ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ በኋላ መስመሩ በድንገት ከተቆረጠ መሣሪያው የሠራችሁትን ሁሉ ራሱ ይመልሰዋል። መቆረጡን እስኪያውቅ ግን እስከ 9 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ደቂቃ ተስፋ ቆርጣችሁ ወደ መናኸሪያ አትሩጡ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ሴፍ ሞድ የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን 100 ድርጊቶች ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ከሴፍ ሞድ በራሱ ይወጣል፤ የተሠራውም እንዳለ ይቀራል። ትልቅ ስክሪፕት ገልብጦ መለጠፍ እዚህ ላይ ነው ጉድ የሚያመጣው። ለውጡን ከፋፍሉት፤ አንዱን ክፍል ስትጨርሱ ከሌላ ኮምፒውተር ፒንግ (መሣሪያው መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚያይ ሙከራ) አድርጋችሁ አረጋግጡ፣ ከሴፍ ሞድ በደንቡ ውጡ፣ ለሚቀጥለው እንደገና ግቡ።

ሲስኮ ላይ ቀላሉ ዘዴ «ሪሎድ ኢን 10» ነው። መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ ቀጠሮ ይዛችሁለት ለውጡን ትሠራላችሁ። ከተሳካ «ሪሎድ ካንስል» ብላችሁ ትሰርዙታላችሁ፤ ከተቆረጠባችሁ ተነሥቶ ሴቭ ወደተደረገው ኮንፊግ (የመሣሪያው ቅንብር) ይመለሳል። ዘዴው የሚከሽፈው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሳያረጋግጡ ሴቭ ማድረግ። እጃቸው የለመደ ሰዎች ገና ለውጡን እንደጻፉ ሴቭ ያደርጋሉ፤ መሣሪያው ሪስታርት ሲያደርግ ይዞ የሚነሣው ያንኑ ስህተት ነው። ጁኒፐር የተሻለ ነገር አለው፦ «ኮሚት ኮንፈርምድ» ስትሉት ለውጡን ተግባራዊ አድርጎ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። ሁለተኛ ማረጋገጫ ካልመጣለት ሪስታርት ሳያደርግ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

በእጅ ሲሠራ ብዙ ቅርንጫፍ የሚቆረጥባቸውን ሁለት ስህተቶች ቀረብ ብለን እንያቸው። የመጀመሪያው የሲስኮ ትራንክ ፖርት ላይ ነው፤ ትራንክ ማለት ብዙ ቪላኖችን፣ ማለትም በአንድ ኬብል የሚያልፉ የተለያዩ ኔትወርኮችን፣ የሚያሳልፍ መስመር ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄደው ትራንክ ቪላን 10 እና 20 ያልፋሉ፤ አሁን ለካሜራዎች 30ን መጨመር ፈለጋችሁ። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን» ብላችሁ «አድ» የምትለዋን ቃል ዘልላችሁ 30 ብትጽፉ፣ መሣሪያው የሚገባው «ከእንግዲህ 30 ብቻ ይለፍ» ብላችሁ እንዳዘዛችሁት ነው። 10 እና 20 ይጠፋሉ፤ እናንተ የገባችሁት በ10 ከሆነ እናንተም ጠፋችሁ። ኮምቦልቻ ያሉት «ሲስተም የለም» ብለው ሲደውሉ ነው የሚታወቀው።

ሁለተኛው የማይክሮቲክ ብሪጅ (ፖርቶቹን እንደ አንድ ስዊች የሚያገናኘው ክፍል) ነው። «ቪላን ፊልተሪንግ» የሚለውን ከማብራታችሁ በፊት መሣሪያውን የምታስተዳድሩበት ቪላን በብሪጁ የቪላን ሠንጠረዥ ውስጥ መግባት አለበት፤ ብሪጁ ራሱም የዚያ ቪላን አባል ሆኖ መመዝገብ አለበት። ፖርቶቹን ሁሉ አስገብቶ ብሪጁን መርሳት በጣም የተለመደ ነው። ትራፊኩ ያልፋል፣ ሠራተኛው ሁሉ ይሠራል፤ መሣሪያው ውስጥ መግባት ግን አይቻልም።

መሣሪያው ላይ የሚኖር ስክሪፕት

ሁለተኛው መንገድ ፕሮግራሙን ራውተሩ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የማይክሮቲክ ኔትዎች (መስመርን የሚከታተል) እና ስኬጁለር (ስክሪፕትን በሰዓቱ የሚያስነሣ)፣ የሲስኮ ኢኢኤም (አንድ ነገር ሲከሰት ትዕዛዝ የሚሰጥ) ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ጥንካሬው ከማንም ጋር ሳይገናኝ መሥራቱ ነው። ደሴ መብራት ቢጠፋና ዋናው ቢሮ ቢዘጋ የወልድያው ራውተር ሥራውን አይተውም።

በጣም የሚፈለገው ዋናው ፋይበር ሲቆረጥ ወደ 4ጂ ሞደም ማዞር ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ በየ10 ሰከንዱ 8.8.8.8ን ፒንግ ማድረግ፣ መልስ ሲጠፋ ማዞር። ከዞረ በኋላ ግን ፒንጉም በ4ጂው ይሄዳል፣ መልስም ያገኛል፤ ስክሪፕቱም «ፋይበሩ ተመለሰ» ብሎ መልሶ ያዞራል። እንደገና ይጠፋል፣ እንደገና ይዞራል። መስመሩ በየደቂቃው ሲወዛወዝ ይውላል፤ ተጠቃሚው ከነጭራሹ ቢቆረጥ ይሻለው ነበር። መፍትሔው ለመፈተሻዋ አድራሻ ብቻ በፋይበሩ በኩል የተለየ ቋሚ ሩት (መሄጃ መንገድ) መስጠትና በ4ጂው በኩል እንዳታልፍ መዝጋት ነው። አንድ ፒንግ ስለጠፋም አይዙር፤ ሦስት ተከታታይ ሲጠፋ ይዙር፣ ለመመለስ ደግሞ አሥር ተከታታይ መልስ ይጠብቅ።

የሰው ቁጥጥር እዚህ የሚገባው በአንድ ተለዋዋጭ ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ «በእጅ ነው?» የሚለውን ዋጋ ያንብብ፤ አዎ ከሆነ ምንም ሳይነካ ይውጣ። ፋይበር ጠጋኞች መስመሩን ሲነካኩ ይህን አብርታችሁ ትቀመጣላችሁ። ያለዚህ ስክሪፕቱን ለማስቆም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የጠፋ ስክሪፕት ደግሞ መልሶ የሚያበራው ይረሳል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ስኬጁለሩ የሚያውቀው 24 ሰዓት አቆጣጠርን ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሪስታርት ያድርግ» ተብሎ 08:00 ከተሞላ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ልክ ቢሮ ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ይጠፋል። መሞላት የነበረበት 02:00 ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉት። ብዙ ትናንሽ ራውተሮች የሰዓት ባትሪ ስለሌላቸው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል አገልግሎት) እስኪያገኙ የተሳሳተ ሰዓት ይዘው ይሠራሉ፤ የሰዓት ቀጠሮ ያላቸው ስክሪፕቶች በዚህ መሐል ሊነሡ ይችላሉ።

ከአንድ ኮምፒውተር የሚላክ ስክሪፕት

መሣሪያው ከስድስት ሰባት ሲያልፍ፣ ኮንፊጉም በየቦታው መለያየት ሲጀምር፣ ወደ አንሲብል (ለብዙ መሣሪያ ትዕዛዝ የሚልክ ፕሮግራም) ወይም ፓይተንና ኔትሚኮ (የፓይተን ላይብረሪ) መሄድ ነው። ሁለቱም ስዊቹ ላይ ምንም ሳይጫን በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ይገባሉ። ከላይ ላነሣነው ድርጅት የኛ ምርጫ ይኸው ነው።

ማሽኑ ምን ይሁን? ራስበሪ ፓይ ይታሰባል፤ ርካሽ ነው፣ ትንሽ መብራት ይበላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ግን ኤስዲ ካርዱ ሲጻፍበት መብራት ከሄደ ሊበላሽ ይችላል፤ ፓይ 4 የሰዓት ባትሪ የለውም፤ ፓይ 5ም መሰኪያው እንጂ ባትሪው አብሮት አይመጣም። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን ይበልጣል። ባትሪው ደህና ከሆነ ዩፒኤሱ አብሮት አለ ማለት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከሁሉም መሣሪያ ባክአፕ ይወሰዳል። ከዚያ በአንሲብል «ቼክ» እና «ዲፍ» ሁነታ ምን እንደሚለወጥ ይታያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ጥሬ ትዕዛዝ የሚልኩ ሞጁሎች ሙከራውን ሙከራ ብለው ላይወስዱት ይችላሉ፤ ስለዚህ «ቼክ» ነው ብላችሁ አትመኑ፣ አጠገባችሁ ባለ ትርፍ ስዊች ላይ አሳዩት። ቀጥሎ «ሲሪያል» 1 ይደረጋል፤ አንዱ መሣሪያ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። በየመሐሉ «ፖዝ» ይገባል፤ ሰው ሳያይ አይቀጥልም።

«ፖዝ» ሲገባ ግን ጥያቄው «ይቀጥል? አዎ/አይ» ከሆነ በሰባተኛው መሣሪያ ላይ ሰው ሳያነብ «አዎ» ይላል። ይልቅ የሚነካውን መሣሪያ ስም ራሱ እንዲጽፍ አድርጉ። ስሙን ለመጻፍ የግድ ማየት አለበት።

ቅደም ተከተሉም ያጣላል። የማስተዳደሪያውን ቪላን ወይም አይፒ የምትለውጡ ከሆነ ከሩቁ ጀምራችሁ ወደ ቅርቡ ኑ። ቅርቡን ቀድማችሁ ከለወጣችሁ የሩቁን ለማግኘት የምታልፉበት መንገድ ይዘጋል። ለሌላ ለውጥ ግን መጀመሪያ የሚሞከርበት ኮንሶል ኬብል (ያለ ኔትወርክ በቀጥታ መሣሪያው ውስጥ የሚገባበት ገመድ) የሚደርስለት፣ እዚያው ክፍል ያለ ስዊች ይሁን።

መሣሪያ ገና የምትገዙ ከሆነ ኔትኮንፍ እንዳለው ጠይቁ። መሣሪያን በፕሮግራም ለማዘዝ የወጣ፣ በፖርት 830 የሚሠራ ደንብ ነው፤ የአሁኑ ስሪቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከሁሉም የሚጠቅመው «ኮንፈርምድ ኮሚት» የሚባለው ችሎታው ነው፦ ፕሮግራሙ ለውጡን ይልካል፣ መሣሪያው 600 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ማረጋገጫ ካልመጣ ይመልሰዋል። ችሎታው ግን አማራጭ ስለሆነ ኔትኮንፍ ያለው ሁሉ የለውም፤ ይህን ለይታችሁ ጠይቁ። የፕሮግራምን ፍጥነትና የሰውን ማረጋገጫ ያለ ብዙ ልፋት አንድ ላይ የሚሰጥ ሌላ ነገር አናውቅም።

የይለፍ ቃላችሁን ፋይል ውስጥ በግልጽ አትጻፉ፤ ቃሉን አመስጥሮ የሚያስቀምጥ አንሲብል ቮልት አለ።

ክላውድና የቤት ኮንትሮለር

ኮንትሮለር መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያዝ ፕሮግራም ነው፤ ክላውድ የሚባለው ይህ ኮንትሮለር ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ነው። ስለ ክላውዱ ብዙ አንልም። መሣሪያው ራሱ ወደ ኢንተርኔት ደውሎ ስለሚገናኝ ቋሚ አይፒ አያስፈልገውም፣ ከስልክም ይታዘዛል። ኢንተርኔት ሲቆረጥ አብዛኛው በመጨረሻ ኮንፊጉ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ማዘዝ ግን አይቻልም። ማዘዝ የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ዓመታዊ ፈቃዱ በዶላር ከሆነ፣ ጊዜው ሲያልፍ መሣሪያው መሥራቱን ይቀጥል እንደሆነ ከመግዛት በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የእፎይታ ጊዜው ሲያልቅ ጨርሶ የሚቆም አለ።

ለላሊበላ ሆቴል ወይም ለሐይቅ ዳር ሎጅ የሚሻለው እንደ ዩኒፋይ ወይም ኦማዳ ያለውን ኮንትሮለር እዚያው ግቢ ማስቀመጥ ነው። ኮንትሮለሩ ቢጠፋ አክሰስ ፖይንቶቹ መሥራታቸውን አይተዉም፤ የሚቆመው የእንግዳ መግቢያ ገጽና ቫውቸሩ ነው። ስለዚህ ቫውቸር የምትጠቀሙ ከሆነ ኮንትሮለሩም እንደ ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። የሠራተኛው ዋይፋይ ደግሞ ቫውቸር የሌለበት፣ በተራ ይለፍ ቃል የሚገባ ይሁን፤ እንግዳ መቀበያው ቢያንስ አይቆምም።

ኦፕንፍሎውና ኤስዲኤን

የአንድ ኔትወርክን ውሳኔ ሁሉ ከስዊቹ አውጥቶ አንድ ኮንትሮለር ላይ የማድረግ ሐሳብ (ኤስዲኤን የሚባለው) በ2008 እ.ኤ.አ. ከስታንፎርድ በወጣው ኦፕንፍሎው ስም ተስፋፋ። ስሪት 1.0 በ2009 እ.ኤ.አ.፣ እስከ ዛሬ ብዙ ስዊች የሚናገረው 1.3 ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ። ስዊቹ ከኮንትሮለሩ ጋር በቲሲፒ 6653 ይገናኛል፤ የቆዩት 6633 ይጠቀማሉ፣ ፋየርዎል ላይ ሁለቱን ማየት ነው። ኮንትሮለሩ ሕግ ይልካል፦ እንዲህ ያለ ፓኬት ከመጣ እንዲህ አድርግ።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ነው፦ በ1.0 ሕግ ያልተገኘለት ፓኬት ወደ ኮንትሮለሩ ይላክ ነበር፤ በ1.3 ግን «ሕግ ካላገኘህ ወደ ኮንትሮለር ላክ» የሚል መስመር ራሳችሁ ካላስገባችሁ ይጣላል። ለ1.0 የተጻፈ ምሳሌ ገልብጦ 1.3 ላይ ያስኬደ ተማሪ ምንም ፒንግ አያልፍለትም፤ ኮዱ ደግሞ ምንም ስህተት አያሳይም።

በዚህ መንገድ የሰው ቁጥጥር በጣም ረቂቅ መሆን ይችላል፤ ደስ የሚለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሕግ ቅድሚያ አለው፣ ከፍተኛው 65535። ፕሮግራሙ የሚጽፋቸውን ሕጎች ከ100 እስከ 1000 ባለው ወስኑ፤ ለሰው ደግሞ 60000ን አስቀምጡ። አንድ ኮምፒውተር ቫይረስ እየረጨ ከሆነ ሰው በ60000 ቅድሚያ «የዚህን ሁሉ ጣል» ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ምንም ቢያስብ አይሽረውም። ለዚያ ሕግ 3600 ሰከንድ «ሃርድ ታይምአውት» ስጡት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ ይጠፋል፤ ሰው የረሳው እገዳ ለወራት ተቀምጦ ማንም የማያውቀው ችግር አይሆንም። የሚሰጠው ከፍተኛ ጊዜ 65535 ሰከንድ፣ 18 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ነው። ዜሮ ብላችሁ ከጻፋችሁ ለዘላለም ማለት ነው። ሕጉ መያዙን ለማየት የፍሎው ዝርዝሩን አውጥታችሁ የፓኬት ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ ዜሮ ላይ ከቆመ ሕጋችሁ ማንንም እየያዘ አይደለም።

ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ኦፕን ቪስዊች (ኦፕንፍሎው የሚናገር በሶፍትዌር የተሠራ ስዊች) ኮንትሮለሩን ሲያጣ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። «ስታንድአሎን» ከሆነ ራሱን ወደ ተራ ስዊች ይለውጥና ሁሉን ያሳልፋል፤ የሒሳብ ክፍሉን ከእንግዳ ዋይፋይ የለየው ሕግም አብሮ ይተናል። ኔትወርኩ ላይ ሉፕ (ዞሮ የሚገጥም መስመር) ካለና ይህን የሚዘጋው ኤስቲፒ ከሌለ ደግሞ ፓኬቱ እየዞረ መስመሩን ይሞላዋል። «ሴኪዩር» ከሆነ የነበሩት ሕጎች ጊዜያቸው እስኪያልቅ ይሠራሉ፤ አዲስ ነገር አይገባም። ይህኛው ይሻላል ትሉ ይሆናል፤ ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዊቹ ከኮንትሮለሩ ቀድሞ ይነሣል፣ ሕጎቹም ከሜሞሪው ጠፍተዋል። ኮንትሮለሩ እስኪነሣ ምንም አያልፍም። ኮንትሮለሩ የሚገኘው በዚያው ስዊች በኩል ከሆነ ነገሩ ይቆላለፋል፤ ለቁጥጥሩ የተለየ ፖርትና ኬብል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ደሞዝ ለሚከፈልበት ኔትወርክ አንመክረውም፤ ለትምህርት ግን ወደር የለውም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ወይም ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ስዊች መግዛት የለበትም፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ሚኒኔት (ኔትወርክን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) ጭኖ ሃያ ስዊች መዘርጋት ይችላል። ከኮንትሮለሮቹ ሪዩ ለመማር ቀላሉ ነበር፤ አሁን እድገቱ ስለቆመ አዳዲስ የፓይተን ስሪቶች ላይ ሲጫን ያስቸግራል፣ አሮጌ ስሪት በተለየ አካባቢ መጫን ይሻላል። ኦኖስና ኦፕንዴይላይት ከባድ ናቸው። ሕጉን በጽሑፍ ፋይል ብቻ መጻፍ ለሚበቃው ፎሴት አለ።

ሳይገዙ በፊት

ደሴ የክረምቱ መብረቅ ከጦሳ ሲወርድ ሕንፃን ከሕንፃ ያገናኘ የመዳብ ኬብል ሁለቱንም ስዊች ይዞ ይሄዳል። ርቀቱ ከ100 ሜትር ባይበልጥም ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ፋይበር ይሁን። ለራውተርና ለአንድ ስዊች፣ በድምሩ 20 ዋት ያህል፣ የ12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይዟል። በወረቀት ከ4 ሰዓት በላይ ነው፤ የመለወጫውን ብክነትና ባትሪው ጨርሶ መፍሰስ እንደሌለበት አስቡና 2 ሰዓት ቁጠሩት።

ሻጩ ካለበት ሩብ ሰዓት ውሰዱና ይህን አድርጉ። ከሌላ ኮምፒውተር ያልተቋረጠ ፒንግ ክፈቱ። ኮንትሮለሩን ወይም ስክሪፕት የሚልከውን ማሽን ገመዱን ንቀሉ፤ ፒንጉ ይቆማል? 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ስዊቹን አጥፍታችሁ ብቻውን አስነሡት፤ ኮንትሮለሩ ሳይኖር ፒንጉ ይመለሳል? መጨረሻ ላይ ሆን ብላችሁ የማስተዳደሪያ ፖርቱን በተሳሳተ ቪላን ላይ አድርጉትና መሣሪያው በስንት ደቂቃ ራሱን እንደሚመልስ በሰዓት ያዙ። ካልመለሰ በኮንሶል ኬብል ግቡ፦ ሲስኮ በ9600፣ ማይክሮቲክ በ115200። ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ምልክት ከወጣ ፍጥነቱ ነው የተሳሳተው።